ዋስ ያጣው ኮምፒውተር

ለተከበሩ የቤቴል ታችኛው መንደር መረዳጃ እድር ሰብሳቢ፣ ለአቶ ገብረአምላክ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ይህን ስል ግን ከሰኔ ወር ጀምሮ በእድራችን መዝገብ ሟች መሆኔን ዘንግቼ አይደለም።

ጎረቤቴ የኔሰው ባረፈ ጊዜ፣ ጸሐፊው አቶ ያደሳ ስሙን ሲሰርዙ እስክሪብቷቸው አንድ መስመር ዝቅ ብሎ እኔንም ጨመረኝ። ሰው ነውና ይሳሳታል፤ አልተቀየምኩም። ላስተካክል ብመጣ ግን መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሊዛወር ስለሆነ ወረቀቱ እንደማይነካ ገልጸው፣ «ትንሽ ይታገሡ፤ ኮምፒውተሩ ሲጀምር እርስዎም ይነሳሉ» አሉኝ። ልጄ ናዝራዊት የፊታችን እሑድ ታገባለች፤ የእድሩ ድንኳን ለሠርግ የሚሰጠው ደግሞ በሕይወት ላለ አባል ብቻ ነው። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ኮሚቴው ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ሲስተም ለመምረጥ ዊንዶውስንና ሊኑክስን በዋጋና በድጋፍ ሲያወዳድር ሰባት ወር ሙሉ ስላልቸኮለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

2. ዊንዶውስ ይከፈልበታል፣ ድጋፍ ግን አለው ሲባል፣ ድጋፍ ማለት በችግር ቀን ደጃፍ ድረስ መምጣት መሆኑን አስረድተው፣ እንደማንኛውም አዲስ አባል የቀበሌ መታወቂያ ያላቸው ሁለት ዋሶች እንዲያቀርብ ስላዘዙ። ባለቤቶቹ ባሕር ማዶ ናቸው ቢባሉ፣ ቢያንስ አየር ጤና የሚኖር ዘመድ እንዲልኩ መጻፍዎን ሰምቻለሁ።

3. ሊኑክስ በነጻ ነው፣ ሲበላሽም በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ይረዳዳሉ ሲባል፣ ይሄማ እድር ነው ብለው ስለተደሰቱ፤ ቀጥሎም በጎ ፈቃደኞቹ በሙሉ በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ እንዲገኙ ስለወሰኑ። አንድም ሰው ባለመምጣቱ ሁሉም በሌሉበት መቀጮ ተጥሎባቸዋል።

4. ኮምፒውተሩን አቧራ እንዳይነካው በጥልፍ ጨርቅ ስለሸፈናችሁት።

ክቡር ሆይ፣ አንዲት ልጄን ነው የምድረው። ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው ሁሉ ድንኳን ስተክል ኖሬ፣ የልጄ ቀን ሲደርስ ሜዳ ላይ መቅረቴ አሳፍሮኛል፤ አስለቅሶኛልም።

በሕይወትም በሞትም አክባሪዎ፣
ወንድይፍራው ቦሩ
በመንደሩ ነዋሪ፣ በመዝገቡ ሟች

ማስታወሻ፦ ደንባችንን ደግሜ ሳነበው፣ አባል ሲሞት ድንኳኑ ያለ ማመልከቻ በዕለቱ ይተከላል ይላል። የእኔ ሰባት ወር ዘግይቷል። ስለዚህ እሑድ ማለዳ እንዲተከልልኝ፣ አባላቱም ለልቅሶዬ ሳይቀሩ እንዲመጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ንፍሮ አይኖርም፤ ሙሽሮቹ ስድስት ሰዓት ይገባሉ።