ታጥፎ የኖረው ጂንስ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ማህሌት ሰፊውን ጂንሷን ይዛ ልብስ መስፊያ ሱቄ መጣች። «እትዬ፣ ያጥብቡልኝ። ሰፊ ጂንስ አልፎበታል» አለችኝ። ካቻምና ጠባቡን ያሰፋሁላት እኔው ነኝ። ጂንሱ የእናቷ ነው። በእናቷ ኮረዳነት ሰፊ ጂንስ ፋሽን ሆኖ ሲያልፍ ያጠበብሁትም እኔው ነበርሁ።

ያኔ ትርፉን ቆርጬ አልጣልሁትም፤ ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁት እንጂ። አባቴ ኮሶዬ ላይ ለገበሬ ልጆች ሲሰፋ እንዲያ ነበር የሚያደርግ። ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ አያድግም ይል ነበር። ካቻምና ስተረትረው፣ ታጥፎ የኖረው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው በእግሩ ጎንና ጎን ደማቅ ሰማያዊ መስመር ሆኖ ወጣ። የሰፈሩ ልጆች አዲስ ፋሽን መሰላቸው! የታጠፈ ጂንስ የሌላቸው ሳይቀሩ መስመር ይቀጥሉልን እያሉ መጡ። ፒያሳ ላይ ያን መስመር ባየሁ ቁጥር ደረቴን ነፍቼ ነበር የማልፈው።

ዛሬ ግን ማህሌት፣ «ትርፉን ይቁረጡት። እግሬን ያወፍረዋል። ደግሞስ ማን ሊመለስበት?» አለች።

«እናትሽም እንዲሁ ብላኝ ነበር» አልኋት።

መስመሩን በጣቷ ዳሰሰችው። «እሺ፣ አይቁረጡት» አለች።

መቀሱን አላነሳሁም። መስመሩን ወደ ውስጥ መልሼ ሰፋሁት። ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ሰፊ ጂንስ ሲመለስ የሚተረትረው እኔ አልሆን ይሆናል። ማንም ይሁን፣ ጨርቁን ያገኘዋል።