ከቦታቸው የወጡ ሁለት ፍሬቶች

ሰኞ፣ ኅዳር 8

መጀመሪያ ያወቅኩት ጊታሩን ሳይሆን ሳጥኑ የታሰረበትን ቀበቶ ነው። የጋሽ ንጉሤ ቀበቶ። ልጁ ሜሮን በራፌ ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ይሠሩልኛል?» አለች። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክማው መጥታ እንቢ ይባላል?

ጊታሩ ያው ነው። እንደ ቫዮሊን ፊቱ ጎበጥ ያለ፣ ሁለት ጠምዛዛ ቀዳዳ ያለው፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ የጃዝ ጊታር። ስምንት ዓመት በአንድ ባንድ ውስጥ ከዚህ ጊታር ግራ ተቀምጬ ኮርድ መትቻለሁ፤ ዜማው የጋሽ ንጉሤ ነበር። አሁን አንገቱ ላይ በአግድም የተሰኩት የፍሬት ሽቦዎች አልቀው ከእንጨቱ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ክሩ ዝዝ ይላል። «አባባ ጣቱ ደክሟል፣ ሲጫነው ያመዋል። ሁለት ወር ሆነው ካነሳው» አለች። ማን እንደሚሠራው አልነገረችውም። እኔም እንዳትነግሪው አልኳት።

ምክንያቱን እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ አልናገረውም። ከአራት ዓመት በፊት ባለቤቱ እትዬ አስቴር ስትሞት ልቅሶ አልደረስኩም። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ሠልስቱ አለፈ። ለአርባው እሄዳለሁ አልኩ። ከአርባው በኋላ በምን ፊቴ? እሱም አልደወለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለካሁ። ሽቦው የድሮው ዓይነት ነው፣ ቀጭንና ዝቅ ያለ፤ ስፋቱ ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም። መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለኝ።

ቀጭኑ፦ ጊታሩ ሲሠራ የነበረው።

ወፍራሙ፦ ከፍ ስለሚል ጣት እንጨቱን ሳይነካ ክሩ ይያዛል። ለደከመ ጣት ጥሩ። ግን ጠንከር አድርገው ከተጫኑት ድምፁ ሽቅብ ይሸሻል።

ቀጭኑን መረጥኩ። አሮጌ ዕቃ በአሮጌነቱ ይከበር ብዬ። እውነቱን ልናገር፣ ጋሽ ንጉሤ ሲያየው «ማነው እንዲህ የተጠነቀቀልኝ?» እንዲል ስለፈለግኩ ነው።

አንድ ጉድ አለ። ሰባተኛውና ዘጠነኛው ፍሬት ከቦታቸው ወጥተዋል። ሁለቱም ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ወደ ጊታሩ ሆድ ተጠግተው ነው የተሰኩት። ሽቦው ድሮ የገባበት ቦይ በኮላ ተደፍኖ ይታያል። የየትኛው አናጢ ሥራ እንደሆነ እንጃ። እጁ ይቆረጥ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሃያውንም ፍሬት ነቀልኩ። በጋለ ብረት እያሞቅኩ፣ በፒንሳ ቀስ እያልኩ። አንዲት ስንጣሪ እንኳ አልተነሳችም። የተሳሳቱትን ሁለት ቦዮች በእንጨት ዱቄትና በኮላ ደፈንኩ፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ አዲስ ከፈትኩ። ቀጭኑን ሽቦ በመዶሻ መታ መታ። ሲመሽ አለቀ።

ሃያ ነቅሎ ሃያ መትከል በአንድ ቀን። በስልሳ አንድ ዓመት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለእህቴ ልነግራት ደወልኩ፣ አላነሳችም። ለራሴ «ጎበዝ» አልኩ። ድምፄ ባዶ ቤት ውስጥ ደስ አይልም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ክር ገባ። በስልኬ መቃኛ እያንዳንዱን ፍሬት ፈተሽኩ። ሃያውም ላይ አረንጓዴ አበራ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ለሜሮን ደወልኩ። «እስቲ ያሰሙኝ» አለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አባቷ ሁልጊዜ የሚጫወታትን ዜማ መታሁላት፣ በአንቺሆዬ ቅኝት። 

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ አባባ ሲጫወታት ያቺ ቦታ ላይ እንዲህ አትልም።»

የቷ ቦታ?

«ሆድ የምታባባው ቦታ።»

ደግሜ መታሁት። ሰባተኛው ፍሬት ነው። ከዚያ ዘጠነኛው።

ቁጭ አልኩ። ስምንት ዓመት ሁላችንም የቀናነው በዚያ ድምፅ ነበር፤ እንደ ማሲንቆ ከኖታው ትንሽ አምልጦ ወደ ላይ የሚል ነገር። ጣቱ ነው እንል ነበር። ለካ ጣቱ ብቻ አይደለም። ለአንቺሆዬ ሲል ፍሬቶቹን ራሱ አንሸራትቷቸዋል። እጁ ይቆረጥ ያልኩት የእሱን እጅ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ በስልክ አቃናሁለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሰፈራችን ዓለም ባንክ በሙሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል። መስኮቱን ዘጋሁ።

ቦዮቹን ለሦስተኛ ጊዜ መክፈት አይቻልም፤ እንጨቱ ይፈረካከሳል። እስከ ቀትር ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። ከዚያ ወፍራሙ ሽቦ ትዝ አለኝ፣ ድምፁ ሽቅብ ይሸሻል ብዬ የተውኩት። እንዲሸሽማ ነው የምፈልገው። ሰፊ ስለሆነ አናቱን ወደ ሆዱ በኩል አዘንብዬ ብሞርደው ክሩ የሚያርፍበት ጫፍ ፈቀቅ ይላል። የቀረውን ጣቱ ይጨምርበታል።

ሁለቱን ብቻ ከፍ ባደርግ ክሩ እንደገና ዝዝ ይላል። ስለዚህ ሃያውንም ነቀልኩ፣ ሃያውንም በወፍራሙ ተካሁ። ወገቤ ተቆረጠ።

ሁለቱን ለመሞረድ ግን እጄ አልሄደም። ምን ያህል? የተሞረደ አይመለስም። መቃኛው አያውቀውም፣ እኔም በልኩ አላስታውሰውም። የሚያውቀው አንድ ጆሮ ነው፣ እሱም ያለው ሳንሱሲ፣ ጋሽ ንጉሤ ቤት ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጊታሩን ይዤ ታክሲ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰላስል ነበር። ልቅሶህን ሳልደርስ ቀረሁ፣ አሁን ደግሞ ጊታርህን አበላሸሁት? አስኮ ስንደርስ ላብ አጠመቀኝ። ሳልደርስ ወረድኩ። መንገዱን ተሻግሬ የሚመለሰውን ያዝኩ።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከአፌ የወጣው «ወራጅ አለ» ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ።

ብቸኛ ነኝ። ጻፍኩት እንግዲህ።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ሄድኩ። እንዳላስብበት ከቤት የወጣሁት ቁርስ ሳልበላ ነው።

ጋሽ ንጉሤ ጋቢ ለብሶ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ከስቷል። «ምን ይዘህ መጣህ?» አለኝ፣ ትናንት እንደተለያየን። ሳጥኑን አስቀምጬ ቆምኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩ።

አራት ዓመት ዘግይቶ። እሱም «አጽንቶኛል። ተቀመጥ» አለ።

ስለ ፍሬቶቹ ነገርኩት፣ እጁ ይቆረጥ ያልኩትንም አልደበቅኩም። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «በአስቴር የዳቦ ቢላዋ ነው የከፈትኩት። ሳምንት አኩርፋኛለች።» ከዚያ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገና፣ «ድንኳኑ ውስጥ ሰው በገባ ቁጥር ቀና እል ነበር» አለኝ። አፈርኩ። ሞረዴን አወጣሁ።

ሠራን። እሱ ይመታል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔ ክሩን ወደ ጎን ገፍቼ ሁለት ሦስቴ እሞርዳለሁ። እንደገና ይመታል። ነገ ጾም ስለሚገባ ሜሮን ጥብስ አቀረበች፤ እስኪበርድ አልነካነውም። ሰባተኛው ደረሰ። ወደ ዐሥር ሰዓት ላይ ዘጠነኛውም ደረሰ። ሰማሁት። ያ ድምፅ ነው፣ ጣቱንም ሳያስጨንቀው። ሜሮን ከማድ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ጋሽ ንጉሤ አንዴ ደግሞ መታው። አቀርቅሮ አዳመጠ።

«ገና ነው» አለ። «ለዛሬ ይብቃን። ሞረድህን እዚሁ ተወው፣ ነገ ትመጣለህ።»

ጣቱ ይድከም እንጂ ጆሮው እንደ ድሮው ነው። ጎንበስ ብዬ ፍሬቱን አየሁና፣ «አዎ፣ ትንሽ ይቀረዋል» አልኩ።

ምንም አይቀረውም፤ ያንን እሱም ሰምቷል። ከዚህ በኋላ አንዴ እንኳ ቢሞረድ ይበላሻል። ነገ ሄጄ ምን እንደምሠራ አላውቅም።