ገጹ ባዶ እንዳይሆን

ጥቅምት 22፣ ጠዋት

አሁንም ያቺው የደም ገጽ፣ ሆስፒታሉ ደም ይኑረው አይኑረው የምታሳየው። ማስታወሻዬ፣ ሰለቸሁሽ አይደል? ቻይኝ። የምሠራባት ፍሬምወርክ፣ የኮድ ማዕቀፏ፣ ግን ቀለል ያለች ናት፤ ወድጃታለሁ። በእኛ ሽባ ኔት እንኳ ትሮጣለች። ኦቦ ቶሎሳ እዚህ አምቦ፣ ሆስፒታሉ ደም ክፍል ቁጭ ብለው «አለ»ን ወደ «የለም» ሲቀይሩ፣ ጎጆ ከተማ ጤና ጣቢያ ያለው ታብሌት ላይ ቃሉ ራሱ ይቀየራል። ማንም ምንም አይነካም።

ሲስተር ጫልቱ ከጎጆ ደወለች። ምጥ የጠናባቸውን ወደ እኛ የምትልከው እሷ ናት። ድሮ ደም መኖሩን ለማወቅ ለኦቦ ቶሎሳ ትደውላለች። አካም ጅርቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ገብሱ... ሰላምታው ሳያልቅ ካርዷ ያልቃል። አሁን ታብሌቱን አይታ ትልካለች። ገላገልሽኝ አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ጥቅምት 25

ጉድ ሆንን! ገጹን ለእንግዶች ስናሳይ ኔት ሄደ። ስክሪኑ ነጭ። አለቃዬ አቶ ጌታሁን ላብ በላብ። እንግዶቹ ሲሄዱ ወረደብኝ፦ እንግዳ ፊት ባዶ ሞሰብ ይቀርባል ወይ? ሁለተኛ ባዶ እንዳላይ!

አስተካከልኩ። ኔት ሲጠፋ ገጹ የመጨረሻውን ቃል ይዞ ይቆያል። «ይህ የቆየ ነው» የሚል ምልክት ልጨምር አልኩ። መልኩን ያበላሸዋል አለ አቶ ጌታሁን። ተውኩት። እኔም ባዶ ስክሪን አፍሬበት ነበር።

ኅዳር 4

ከትናንት ጀምሮ ኔት የለም። ስልክ ብቻ ይሠራል። ቢሮ እጄን አጣጥፌ ዋልኩ። ገጹን ከፈትኩት። ኦ ፖዘቲቭ፦ አለ። አረንጓዴ። ያምራል።

ኅዳር 6

እግዚኦ።

ከጎጆ አንዲት ወላድ ተላከች። ደም እየፈሰሳት፣ በዚያ መንገድ። ታብሌቱ «አለ» ይላል፤ ጫልቱ አምናው ላከቻት። ድሮ «የለም» ከተባለች ዘመዶቿን አብራ ትጭን ነበር፣ ደርሰው ደም እንዲሰጡ። አሁን ባልየው ብቻ ተሳፈረ። የሱ ደም አልገጠመም።

ኦቦ ቶሎሳ ደሙ ያለቀ ዕለት «የለም» ብለው ቀይረውት ነበር። ኔት ስለሌለ ቃሉ ከሳቸው ኮምፒውተር አልወጣም።

ሞተች። ልጁ ተርፏል።

ኅዳር 7

አቶ ጌታሁን፦ ጥፋቱ የኔት ነው፣ አፍሽን ያዢ። እንጀራችንን አትዝጊ።

ከሰዓት ጫልቱ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። አይቼው ነበር እኮ፣ በዓይኔ አይቼው ነበር እኮ ትላለች። ራሷን ነው የምትከሰው። አገሩም እሷን ይላል፣ ሳታጣራ ላከቻት ተብሏል። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው ሳልላት ስልኩን ዘጋሁ። ፈሪ!

ኅዳር 8፣ ጠዋት

ሠራሁት። አቶ ጌታሁንን አላስፈቀድኩም፣ ይበለው። ኔት ሲጠፋ «አለ» ይጠፋል። በቦታው፦ አላውቅም፤ ለኦቦ ቶሎሳ ደውሉ። ስልካቸው ከሥሩ፣ በትልቁ። መልኩን ያበላሻል። ያበላሽ።

ኔት ስለሌለ ጎጆ አይደርስም። በፍላሽ ይዤ ሄጄ ታብሌቱ ላይ በእጄ እጭነዋለሁ። እናቴ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ስለብስ አይታ ማን ሞተብሽ አለችኝ። የማላውቃት ሴት አልኳት።

መጀመሪያ ለቅሶ ቤት። ባልየው አለ፣ ዘመዶቹ አሉ፣ ጫልቱም ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። የማን ወገን ነሽ ማለታቸው አይቀርም። የማንም አይደለሁም። «አለ» ያልኳችሁ እኔ ነኝ፣ እሷን ተዉአት እላለሁ። በሁሉም ፊት።

መኪናው ሞልቷል፣ እየተጣሩ ነው