የነፈግከኝ ሁለት ቅንፍ

ለወንድሜ፣ ማለቴ ለደባሌ፤

የኩሽናው ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ ባልዲውን ከሥሩ እንዳታነሳ። ቁልፉን መስኮቱ ላይ ትቼዋለሁ።

ለመጋዘኑ ሥራ ላመለክት ስል፣ «የመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል ስም ተበላሽቷል፣ ከ@ በኋላ በስሙ ፋንታ የሰርቨሩን ቁጥር ጽፈህ ላክ» ያልከኝ አንተ ነህ። ማመልከቻዬ ሦስቴ ተመለሰብኝ። «ፊደል የቆጠርክ ሰውዬ ቁጥር አቃተህ?» ብለህ ሳቅክብኝ።

ምዝገባው ካለፈ በኋላ፣ ትናንት፣ ኢንተርኔት ቤት ለምትሠራዋ ልጅ የተመለሰብኝን ኢሜይል አሳየኋት።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ በባለማዕዘን ቅንፍ፣ በ[ ]፣ ካልታጠረ አይደርስም። ጓደኛዎ እኮ ያን ሰሞን ለዚሁ ሥራ የራሱን የላከው እዚሁ ቁጭ ብሎ፣ በቅንፍ ነው» አለችኝ።

ሁለት ቅንፍ ነፈግከኝ።

ብርጭቆህን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ለእሱ ይቅርታ።

ሐሙስ ለፈተና የለበስከውን ሸሚዜን ይዤ ሄጃለሁ። እኔው ተኩሼ ነበር ያለበስኩህ። የየት ፈተና ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩህም።