በሁለት ፌዝ መብራት ስላጠጣሁት ሩዝ እና ከሥራ ስለታገደው የመስመር ሠራተኛ ሳይሉ

ቀን፦ ኤፕሪል 22 ቀን 2013

ለየላማጉንታ ንዑስ ወረዳ የኤሌክትሪክ ሥርጭት ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ትራንስፎርመሩ መቃጠል የሰጠሁትን ቃል ስለማንሣት እና የመስመር ሠራተኛው ሳይሉ ወደ ሥራው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አመልካች ቦላም ኦደሉ እባላለሁ። ከላይኛው ኩሬ ግድብ ሥር ሁለት ኤከር ሩዝ እና አንድ የጉድጓድ ውሃ ሞተር ያለኝ ገበሬ ነኝ። ማርች 16 ቀን ትራንስፎርመራችን ተቃጥሎ መርማሪዎች በመጡ ጊዜ፣ ጥፋቱ የመስመር ሠራተኛው የሳይሉ ነው በሚለው የመንደሩ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አሳርፌያለሁ። በዚያ ወረቀት ሳይሉ ከሥራ ታገደ። ወረቀቱ ሐሰት ነው። ትራንስፎርመሩን ያቃጠልሁት እኔ ነኝ።

1. ለመንደራችን ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ሦስቱም የኃይል መስመር፣ የሚለቀቀው ከጠዋት እስከ ቀትር ነው። ከዚያ በኋላ አንደኛው መስመር ይቆረጥና ሁለቱ ለቤት መብራት ይቀራሉ። የውሃ ሞተሮቻችን ግን በሁለት ፌዝ አይነሡም። ኮንደንሰር የሚሉት ትንሽ ዕቃ የገባበት ሞተር ሦስተኛው መስመር ያለ መስሎት እየጮኸ እንደሚሠራ፣ ይህም ክልክል እንደሆነ እዚህ የማያውቅ ገበሬ የለም። እኔም አውቅ ነበር። የምጽፈው ጥፋቴን ለጽሕፈት ቤቱ ለማካፈል አይደለም። ሆኖም በዚያ ወር ሦስት ፌዝ ሳይቆራረጥ ሁለት ሰዓት የቆየበት ቀን ስላልነበረ፣ ትንሽ ማካፈሌ አይቀርም።

2. ማርች 12 ቀን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሳይሉ በብስክሌቱ ሲያልፍ የሞተሬን ድምፅ ሰምቶ ወደ ማሳዬ ወረደ። ኮንደንሰሩን አየ። ሪፖርት ማድረግ ሥራው ነው፤ ብዕሩንም አውጥቶ ነበር። እኔ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሩዙ ማሸት ጀምሯል፣ አንድ ሙሉ ውሃ ብቻ ነው የቀረው ብዬ ለመንሁት። ቁጢጥ ብሎ አንዲት ፍሬ በጥፍሩ ጫን አድርጎ አየና ብዕሩን ኪሱ ውስጥ መለሰው። «በል ጋሼ፣ ዛሬ ምንም አላየሁም። ሐሙስ ስመለስ ግን ይሄ ነገር እዚህ እንዳይኖር፤ እንጀራዬ ነው» አለኝ።

3. ሐሙስ ዕለት ነቀልሁት፤ መጥቶ አይቶ አመስግኖኝ ሄደ። ዓርብ ከሰዓት መልሼ አስገባሁት። ከማሳዬ ውሃ ያልደረሳት አንዲት ጥግ ብቻ ነበረች፣ ለእርሷ ስል ነው። ሞተሩ ብዙም ሳይሠራ ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ፊውዝ ተቆረጠ። የማጥፊያውን እጀታ ስቤ ኃይሉን አጠፋሁና፣ በቀጭኑ የፊውዝ ሽቦ ፋንታ ሦስት ወፍራም ሽቦ ጠምዝዤ አሰርሁበት። ፊውዙ የተቆረጠው ለማስጠንቀቅ እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ያኔም ገብቶኛል። ጥጓ ጠጣች፤ እኔም ሽቦውን ሳልቀይር ወደ ቤቴ ገባሁ።

4. በማግስቱ ጠዋት ሦስት ፌዝ ተለቀቀ። በመንደራችን ሁሉም ሞተሩ ላይ መብራት ሲመጣ በራሱ የሚያስነሣ ማስነሻ ስለገጠመ፣ አሥራ ሰባት ሞተር በአንድ ጊዜ ተነሣ። ቀጭን ሽቦ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይቆረጥ ነበር። የኔ ሽቦ አልተቆረጠም፤ የተቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው። ዘይቱ እየፈላ ሲወርድ ከሩቅ ቆሜ አይቻለሁ። እንደ ልማዳችን ወንዶች ተሰብስበን ለጥገና እንዲወሰድ ትራክተር ተጎታች ላይ ጫንነው። ከሁሉ በላይ እየጮህሁ ሳስተባብር የነበርሁት እኔ ነኝ። ከመጫናችን በፊትም ወፍራሙን ሽቦ ፈትቼ ወገቤ ላይ ሸጉጫለሁ።

5. ሌላ ትራንስፎርመር እስኪመጣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። የኔ ሩዝ የመጨረሻ ውሃውን ጠጥቶ ስለነበር ምንም አልሆነም። ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ፖሳቫ ግን ዘግይታ ነው የተከለችው፤ ሩዟ አበባ ላይ እንዳለ ደርቆ ለቤት ጎሾች መኖ ታጨደ። እኔ ሳጭድ ልታግዘኝ ማጭዷን ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ ያንተስ እንኳን ተረፈ። ለከርሞ ዘር ከማን እለምን ነበር?» አለችኝ። ነዶ ተሸክሜ ሄድሁ።

6. መርማሪዎቹ በመጡ ቀን ሰው ሁሉ ተናዶ ነበር፤ ሳይሉ መስመሩን አይጎበኝም፣ ፊውዙን አያይም ተብሎ ተጻፈ። እኔ አምስተኛ ክፍል የደረስሁ ሰው ነኝ፤ ስሜን መጻፍ እችላለሁ። በአውራ ጣቴ የፈረምሁት ስሜ እንዳይነበብ ነው። ሳይሉ ራሱን ለማዳን አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ማክሰኞ ዕለት ያየውን ቢናገር እኔ ነበርሁ የምያዘው። አልተናገረም። ሰው ሲበተን በአጠገቤ አለፈና ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ሩዙ እንዴት ነው?» አለኝ። ቀለሙን ከጣቴ የምጠርግ መስዬ ጎንበስ አልሁ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ እስከ ሳይሉ በር ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ። ባለቤቴ ላቻቫ ሁሉን ታውቃለች። እህሉን ጎተራ ባስገባን ቀን «አንተ ሰውዬ፣ ሩዙስ በሰላም ገባ። አንተ መቼ ነው የምትገባው?» አለችኝ። ይህን አቤቱታ የጀመርሁት በዚያው ቀን ሲሆን፣ ሦስት ጊዜ ቀድጄ አራተኛው ይኸው ነው። አፍሬያለሁ።

ስለዚህ፦

ሀ) የአውራ ጣት ምልክቴ ከወረቀቱ እንዲሰረዝልኝ፤

ለ) ሳይሉ ወደ ሥራው እንዲመለስ። ሪፖርት አለማድረጉ ጥፋት ከተባለ፣ የተለመነው በእኔ ስለሆነ የእርሱም ቅጣት በእኔ ላይ እንዲታሰብ፤

ሐ) የሞተሬ መስመር እንዲቆረጥ፣ ሌላም ቅጣት ካለ እንድቀበል፤ የፖሳቫ መስመር ግን በእኔ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ፤

በትሕትና አመለክታለሁ። ኮንደንሰር ያላቸው ሌሎች ገበሬዎች አሉ ወይ ተብዬ ብጠየቅ ስም አልጠራም። ይህንንም ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ከሰላምታና ከይቅርታ ልመና ጋር፣

ቦላም ኦደሉ
(በገዛ እጄ የጻፍሁት ፊርማ)

አባሪ፦ አንድ ኮንደንሰር፤ በሦስት የተጠመዘዘ፣ ጫፉ የጠቆረ ወፍራም ሽቦ

ግልባጭ፦ ለሳይሉ፣ የመስመር ሠራተኛ
የላማጉንታ
ያን ቀን ለጠየቅኸኝ መልስ ነው። ሩዙ ደህና ገብቷል፤ አንዲት ጥግ እንኳ አልቀረችም።