የሊማሊሞ ተሟጋቾች

ውድ በለጠች፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ መጀመሪያ የምታዪው መጨረሻው ላይ ያለውን ስም እንደሆነ አውቃለሁ። እንግዲያው ከፊቱ ልንገርሽ፤ ይግዛው ነኝ፣ ባለ በቅሎው። ከአንዲት እግሬ በቀር ደህና ነኝ። እሷም ክረምት ሲገባ ትቆረጥመኛለች እንጂ በበጋ አታስቸግረኝም። አንቺስ እንዴት ከረምሽ? የሊማሊሞን ብርድ የለመደ ሰው የሱዳንን ሐሩር እንዴት ይችለዋል እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ። ልጅ ሳለሁ ዳዊት ደግሜ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እጄ ከልጓም በቀር የያዘው ነገር ስለሌለ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ገዳሪፍ እንዳለሽ የነገረኝ ሸሀቡ ነው፤ የደባርቁ ጨርቅ ነጋዴ። ደርግ ወድቆ መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ በመተማ በኩል ይመላለሳል። ስለ አንቺ የነገረኝን ኋላ እጽፍልሻለሁ። አሁን ብጀምረው ሌላውን የምጽፍበት ጉልበት አይኖረኝም።

ያን የስልሳ ዘጠኙን ሐምሌ ታስታውሻለሽ? ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። የመንደራችን ጎልማሳ ለሚሊሺያ ተመልምሎ ስለሄደ ቃሬዛ የሚሸከም ጠፍቷል። እኔ ጭነት አራግፌ በደጃፍሽ ሳልፍ ከውስጥ ሴቶች “ማርያም፣ ማርያም” ይላሉ። አንዲት አሮጊት ወጥታ የበቅሎዬን ልጓም ያዘች።

“ምጥ ከጠናባት ሁለት ቀኗ ነው። በቅሎህን ስለ ክርስቶስ ብለህ” አለችኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ አንቺን የማውቅሽ በሩቁ ነው። ብቻዋን የምትኖር፣ ከማን እንዳረገዘች ያልተናገረች ሴት መሆንሽን ከወሬ ሰምቻለሁ። ዳማዋ በቅሎ ላይ አወጣንሽና ሊማሊሞን ወደ ደባርቅ ያዝነው። ጉሙ ከበቅሎዋ ጆሮ ወዲያ አያሳይም። አንቺ ኮርቻውን ጨብጠሽ ታቃስቻለሽ፣ እኔ ገና ያልጠናች እግሬን እየጎተትኩ በጎንሽ እሄዳለሁ። ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ጠበቅሁ። በማግስቱ ነርሷ ወጥታ “እንኳን ደስ ያለህ፣ ሴት ናት” አለችኝ።

“አሜን” አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ያች አሜን ናት በዓመቷ የገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ ፊት ምስክር ሆና የቆመችብኝ። ሊቀ መንበሩ አሻግሬ ተነስቶ “በአብዮታዊት ኢትዮጵያ አባት የሌለው ልጅ አይኖርም” ብሎ ጀመረ። ጤና ጣቢያው አብራን የነበረችውን የመንደራችንን ሴት አቀረቡና ጠየቋት።

“እንኳን ደስ ያለህ ሲሉት ምን አለ?”

“አሜን አለ።”

“የራሱ ባይሆን በዚያ ዝናብ፣ በዚያ እግሩ ሊማሊሞን ምን አስወጣው?” አለ አሻግሬ ወደ ሰዉ ዞሮ። ሰዉም እውነት ነው አለ። እንዲያ በደግ የሠራሁት ነገር በደል ሆኖ ሲተረጎምብኝ ቆሜ አየሁ።

ተነስቼ ተናገርኩ። ሐምሌ ከወለደች የጸነሰችው ጥቅምት ነው፣ እኔ ጥቅምትን ደረስጌ ነበርኩ፣ በቅሎ ጥላኝ እግሬ ተሰብሮ ወጌሻ እያሸኝ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ቄስ ገብረ ክርስቶስ ቤት ተኝቻለሁ፣ እሳቸውን ጠይቁ አልኩ። “ደረስጌ ሩቅ ነው፤ ሸንጎው የሩቅ ምስክር አይጠብቅም” ተባልኩ። ከዚያ ወደ አንቺ ዞሩ።

“አባቷ ይግዛው ነው?”

አንገትሽን ደፋሽ። ደግመው ጠየቁሽ፤ መሬቱን እያየሽ ዝም አልሽ። “ዝምታ እሺታ ነው” ብሎ አሻግሬ ፈረደ። በአንድ ቀን ውስጥ የልጅ አባት ሆንኩ፤ በየወሩም ቀለብ እንድቆርጥ ተወሰነብኝ።

ለጥር ላገባት የታጨችልኝ የታንጉት አባት ሽማግሌ ልኮ ቃሉን አፈረሰ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሴቶቹ “የወለደውን የካደ” ሲሉ እየሰማች አንገቷን ደፍታ ታልፍ ጀመር። ያን ጊዜ ጠላሁሽ በለጠች። የቀለቡን እህል ደጃፍሽ አራግፌ ፊቴን አዙሬ እሄድ ነበር። አንቺ ከኋላዬ “እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቱ” ትይኛለሽ፤ እሱ ደግሞ ይብስ ያበግነኛል።

ደባርቅ ላይ ይግባኝ አልኩ። ዳኛው ነገሩን ሰምተው “ካህኑ ይቅረቡና ይመስክሩ” አሉ። ቄስ ገብረ ክርስቶስ ግን አርጅተዋል። አንዴ ክረምቱ ያዛቸው፣ አንዴ በመንገዱ ጦር አለ ተባለ፣ አንዴ ሱባኤ ገቡ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ። አንቺም መልስ ሰጪ ነሽና በየቀጠሮው መቅረብ ነበረብሽ። ሊማሊሞን አብረን መውጣት የጀመርነው እንዲህ ሆኖ ነው።

የመጀመሪያውን ጉዞ ሳስበው ዛሬም ፈገግ ያሰኘኛል። እኔ በቅሎዬን እየሳብኩ ከፊት፣ አንቺ ልጅሽን ማዕረግን አዝለሽ ከኋላ። አንድ ሽማግሌ ቁልቁል ሲወርዱ አገኙንና “ምን ሁናችሁ ነው የተኳረፋችሁ?” አሉን። ከሳሽና ተከሳሽ መሆናችንን ስነግራቸው ሳቁ። “ድሮ ቢሆን በነጠላችሁ አቆራኝተው ነበር የሚሰዷችሁ። አሁንም ገደሉ ጠባብ ነው፣ ተጠጋጉ” ብለው አለፉ። ወዲያው ማዕረግ አለቀሰች። አቀበቱም ጠንክሮብሽ ነበር። በቅሎዋን አቁሜ “ውጪ” አልኩሽ። ቀና ብለሽ ስታዪኝ “ለአንቺ ብዬ አይደለም፣ ለልጅቱ ነው” አልኩ። አንቺም ወጣሽ።

ደባርቅ እትዬ አረጋሽ ቤት ስናርፍስ? ራት በአንድ ትሪ አቅርባ “ባልና ሚስት ሆናችሁ እንዲህ ተራርቃችሁ ትቀመጣላችሁ?” ብትለን አንቺ ቀደም ብለሽ “ተሟጋቾች ነን እትዬ” አልሻት። ሴትዮዋ አንዴ እኔን አንዴ አንቺን አየችና “እንግዲያው ብሉና ነገ ተሟገቱ” አለች። ያን ራት አንድም ቃል ሳንነጋገር በላነው፤ እኔ ግን ሥጋዋን ወደ አንቺ በኩል ገፋ ሳደርግ አይተሻል። ማየትሽን አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ቀጠሮው ሲቃረብ ልቤ ቀድሞ የሚነሳ ሆነ። ለእናቴ “ይህ ክስ አሰለቸኝ” እያልኩ ከዋዜማው ጀምሮ ኮርቻ አጠባብቅ ነበር። አንቺ ድርቆሽና በሶ ትቋጥሪያለሽ፣ እኔ ለማዕረግ ማር እይዛለሁ። አቀበቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ደረታቸው እየቀላ በተርታ ተቀምጠው ሳር ሲነጩ እናገኛቸዋለን። አንድ ቀን ማዕረግ በጣቷ ስታሳያቸው አንቺ ድምፅሽን እንደ አሻግሬ አጎርንነሽ “ሸንጎው ተሰይሟል። ይግዛው፣ አንተን ነው የሚጠብቁት” አልሽኝ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቀልድ ሰው ያስጠፋ ነበር። ግራ ቀኝ አይቼ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። አንቱ ማለቱን ትተሽ አንተ ያልሽኝ ያን ቀን ነው።

ሳቃችን ብዙ አልቆየም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስንወጣ አንድ የወታደር መኪና እጃቸው የፊጥኝ የታሰረ ወጣቶች ጭኖ ቁልቁል አለፈ። አንቺ መንገዱ ዳር ቁጭ አልሽ። ውሃ ብሰጥሽ አልጠጣ አልሽ።

“እሱን የሚመስል ነበረበት” አልሽኝ ቆይተሽ። “እሱ ግን ሞቷል።”

ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገርሽኝ። ለዘመቻ መጥቶ መንደራችን የሰፈረ ተማሪ እንደነበረ፣ ጓደኞቹ ሲታሰሩ ጠፍቶ ጎተራሽ ውስጥ እንደሸሸግሽው፣ ከዚያ በረሃ ወርዶ ማዕረግ ሳትወለድ መሞቱን እንደሰማሽ። ስሙንም ነገርሽኝ፤ አደራ ነውና ዛሬም እዚህ አልጽፈውም።

“ስሙን ብጠራ ወንበዴ ሸሸገች ብለው እኔንም ልጄንም ያጠፉናል” አልሽ። “አንተን ነው አላልኩም ይግዛው። አይደለም ለማለት ግን አፌ ተያዘ።”

በልቤ የነበረው ቂም ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

“ይግባኙን ልተወው” አልኩሽ። “ማዕረግ በስሜ ትደግ። አንቺም ቤቴ ግቢ።”

ማዕረግ በጋቢዬ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር፤ ጫፉን ሰብስበሽ እግሯን ሸፈንሽ።

“አሁን ብታገባኝ ሸንጎው ነው ያጋባቸው ይላሉ። እናትህም ልጄ ወልዶ ካደ እንዳለች ትሞታለች። መጀመሪያ ስምህን አስመልስ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ሽማግሌ ትልካለህ።”

እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። የቀረውን መንገድ እያፏጨሁ ነው የወጣሁት፤ አንቺ ከበቅሎዋ ላይ ሆነሽ ዝም ማለትሽን ልብ አላልኩም።

ቄስ ገብረ ክርስቶስ በግንቦት ደረሱ። ሰው ደግፏቸው ችሎት ሲገቡ ያን ያህል ስጠብቃቸው የኖርኩትን ሰው ዓይቼ ልቤ ፈራ። መስቀላቸውን ይዘው መሰከሩ። “ይህ ልጅ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ከቤቴ አልወጣም። ታቦት ሲወርድ እንኳ ተሸክመን ነው ያሳየነው። እኔ ወደ መቃብር የቀረብኩ ሰው ነኝ፣ በሐሰት አልቆምም” አሉ። ዳኛውም የሸንጎውን ፍርድ ሽረው የልጅቱ አባት አይደለም፣ ቀለብም አይቆርጥም ብለው ወሰኑ። ደጅ ስንወጣ ካህኑ ፊቴን አይተው “ረትተህ ደግሞ ምን አስከፋህ፣ ልጄ?” አሉኝ። አንቺ ቀርበሽ “እንኳን ደስ ያለህ” አልሽኝ። አሜን ማለት አቃተኝ።

ስንወርድ ማዕረግ ከፊቴ በቅሎዋ ላይ ሆና በራሷ ቋንቋ ስታወራ ትዝ ይልሻል? ደጃፍሽ ሳደርሳችሁ እጄን ይዘሽ ከወትሮው ቆየሽ። “ደህና ሁን” ነበር ያልሽው፤ ደህና እደር አላልሽም። ይህንንም ያወቅሁት ኋላ ነው።

በማግስቱ ጭነት ይዤ ወደ በየዳ ወጣሁ። እዚያ ያለውን አጎቴን ለሽምግልና ይዤ ልመለስ ነበር። እኔ በሌለሁበት አሻግሬ አንቺን ጠርቶ “ይግዛው ካልሆነ ማነው? እስከ እሑድ ስሙን ታመጫለሽ” እንዳለሽ ነገሩኝ። አጎቴን አስከትዬ ደጃፍሽ ስደርስ በሩ ከውጭ በገመድ ታስሯል። ጎረቤትሽ “ስሙን ስላገኘ ደስ ብሎኛል በሉት ብላለች” አለችኝ። አጎቴ ኮርቻው ላይ ተመለሰ። እኔ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ያኔ ገባኝ። እኔ ከረታሁ ጥያቄው ወደ አንቺ እንደሚዞር፣ ያን ቀን መንገድ ዳር ተቀምጠሽ ስምህን አስመልስ ስትይኝ ታውቂ ነበር። እኔ ስሜን እንዳገኝ አንቺ ቤትሽን ጣልሽ። ዛሪማ ድረስ ወርጄ ፈለግሁሽ፣ ተከዜን ከሚሻገሩ ነጋዴዎች ጠየቅሁ። “ልጅ ያዘለች ሴት ወደ ሑመራ ስትሄድ አይተናል” ከማለት በቀር የሚነግረኝ አጣሁ።

እናቴ ቀና ብላ ቤተ ክርስቲያን ስማ፣ ቀና ብላ ሞተች። ይህን ያደረግሽላት አንቺ መሆንሽን ነግሬያት ነበር፤ ስምሽን በጸሎቷ ታነሳ ነበር። አሻግሬ ዛሬ ዓይኑ ፈዞ ልጆቹ እየመሩት ይሄዳል። ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ። እኔ አላገባሁም። ሰው ሲጠይቀኝ እግሬን አመካኛለሁ።

እንግዲህ ሸሀቡ የነገረኝን ልጻፍልሽ። ባለፈው ሳምንት ሱቁ ጨርቅ እየለካ ሳለ በድንገት ቀና ብሎ “ይግዛው፣ ገዳሪፍ ልጅ እንዳለህ ለምን አልነገርከኝም?” አለኝ። የሚቀልድ መሰለኝ። እሱ ግን ቀጠለ።

“ወላሂ ነው የምልህ። ገበያው ዳር ሻይ ልጠጣ ገባሁ። የምትቀዳው ልጅ አማርኛዋ የኛ አገር ሆነብኝና ማን ትባያለሽ አልኳት። ማዕረግ ይግዛው አለችኝ። የትኛው ይግዛው ብላት፣ የሊማሊሞው፣ ባለ በቅሎው አለችኝ። እናቷ ከጓዳ ስትሰማ ደንግጣ ወጣች።”

አንቺም ለእኔ እንዳይነግረኝ እንዳስማልሽው፣ “ፍርድ ቤት ያስመለሰውን ስም ዳግመኛ ወሰደችብኝ ይላል” ብለሽ እንዳለቀስሽ ነገረኝ። መሐላውን ለእኔ ሲል አፍርሷልና አትቀየሚው። እኔ እዚያው የጨርቁ ጥቅል ላይ ተቀመጥኩ። ሸሀቡ ሱቁን ዘግቶ ውሃ አመጣልኝ።

በለጠች፣ መስቀልን እዚህ ውዬ ከሸሀቡ ጋር መተማ እወርዳለሁ። ድንበሩ ላይ ሳምንት እቆያለሁ። ትመጪ እንደሆነ ሁለት በቅሎ አለኝ። ኑሮሽ እዚያ ከጸና፣ መምጣቱም ከከበደሽ አልቀየምሽም፤ በሸሀቡ በኩል አንድ ቃል ላኪብኝና እኔው ልምጣ።

ማዕረግን ሳሚልኝ። ባለ ስሙ ሰምቷል፣ እሺ ብሏል በያት።

ይግዛው
ደባርቅ፣ ሐምሌ ፲፱፻፹፫ ዓ.ም.