የፋቂው ልጅ ገዥ ሲሆን

ማክሰኞ

ማን እንደተናገረብኝ ባውቅ ይሻለኝ ነበር። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር አቶ መኮንን ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ ጠብቀውኝ፣ «ወይዘሪት የሺ፣ ሐሙስ የገዥው ጽሕፈት ቤት ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። ስለ ትናንቱ ትምህርት ነው አሉ። ከዚያ በላይ አልጨመሩም። ዓይኔንም አላዩኝም።

ትናንት ለባቡር ሠራተኞቹ እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ በመጽሐፉ ውስጥ የአንድ አሜሪካዊ አገረ ገዥ ታሪክ ደረሰን። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የኖረ ሰው ነው። አባቱ ቆዳ ፋቂ።

«የፋቂ ልጅ ገዥ ሆነ?» ብለው ሳቁ።

ሆነ አልኳቸው። ሕግ ተማረ፣ ሕዝቡም መረጠው። ይሄኔ ከባቡር ጥገናው የሚመጣው አብዲ እጁን አወጣ። «አቦ መምህርት፣ እኛስ ገዥያችንን መች ነው የምንመርጠው?»

ሳቁ ቆመ። «ቀጣዩን ገጽ ግለጡ» አልኩ።

ረቡዕ

የተናገረብኝ ግርማ ነው። በቅርቡ ነው የተመዘገበው። ከኋላ ይቀመጣል፣ አይጽፍም፣ አይጠይቅም። ጫማው ሁልጊዜ እንደተወለወለ ነው። የባቡሩን ቅባት፣ ግራሶ ሲነካ የሚውል ሰው ጫማ እንዲህ አያበራም።

ወይስ ኸዲጃ? አብራኝ ትኖራለች፣ እዚያው ታስተምራለች። ሰኞ ወሬውን ሁሉ የነገርኳት ለእሷ ብቻ ነው። ዛሬ ምሳ ላይ «አይዞሽ እህቴ፣ አላህ አለ» ስትለኝ፣ ምነው ለማጽናናት ቸኮለች ብዬ ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ታዘበችኝ።

አብዲ ከትምህርት ቀርቷል። ጓደኞቹን የት ሄደ ብላቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለካ እኔ ነግሬበት የታሰረ መስሏቸው፣ እነሱም እኔን ጠርጥረዋል።

ሐሙስ

ሄድኩ። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግሬ ገባሁ። የገዥው ጸሐፊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሻይ አዘዙልኝ። ከቁጣ ይልቅ ሻዩ አስፈራኝ።

«እስቲ የዚያን ሰውዬ ታሪክ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ባለጠጎች ለባቡር ሐዲድ የገበሬውን መሬት በነጻ ስጠን ሲሉት እምቢ አለ። እነሱም በሚቀጥለው ምርጫ ዘመቱበት፤ ተሸነፈ። ሥልጣኑን ለተተኪው አስረክቦ አገሩ ገባ፣ በጥብቅና ሥራ አረጀ።

«አልሸፈተም?»

«አልሸፈተም፣ ጌታዬ።»

«አላሰሩትምም?»

«አላሰሩትም።»

«ደግ ሰው ነው» አሉ። «ግን ዝለዪው። ጥያቄውን ያነሣውስ ማን ነበር?»

«ክፍሉ ሙሉ ነበር፤ አላስተዋልኩም» አልኩ። ትኩር ብለው አዩኝና አሰናበቱኝ።

ዓርብ

አብዲ መጣ! ገጠር፣ ዋሂል አጎቱን ሊቀብር ሄዶ ኖሯል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ታሪኩን ዘለልኩት። ማንም ለምን አላለኝም። ግርማ ዛሬም አልጻፈም።

ስወጣ አቶ መኮንን ጠሩኝ። «የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አሉ። «በመስኮቱ ሳልፍ ጥያቄውን ሰማሁት። ከሌላ አፍ ተጋንኖ ከሚደርሳቸው፣ እኔ ቀለል አድርጌ ልንገራቸው ብዬ ነው፣ ልጄ። የጠያቂውን ስም አልሰጠሁም።»

ላመስግናቸው ወይስ ልሽሻቸው? እጅ ነሥቼ ሄድኩ።

ኸዲጃን ይቅርታ ልጠይቃት አሰብኩ። ግን ስለ ምኑ ብትለኝ፣ ምን ጠርጥሬያት እንደነበር ልነግራት ነው። ከመጋላ ገበያ ዘይቱን ገዝቼላት ገባሁ።

«ምን ተገኘ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። አጥባ አቀረበችው፤ አብረን በላን።